«በፈቃድ ወሰዳት» ሲባል የማን ፈቃድ ነው?

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የፈነዳው ጦርነት የዴምን ሰው በየአቅጣጫው ከመበተኑ በፊት፣ በሰፈሩ የሐበሻ ምግብ ቤቶችና ቡና በሚፈላባቸው ቤቶች ከቴሌቪዥኑ የማይጠፋ ነገር ቢኖር የህንድ ፊልም ነበር፡፡ ቀድሞ ሲኒማ ቤት ተኬዶ ይታይ የነበረው፣ «ዚ አፍላም» እ.ኤ.አ. በ2008፣ «ኤምቢሲ ቦሊውድ» ደግሞ በ2013 ለዓረቡ ዓለም ሥርጭት ከጀመሩ ወዲህ በዲሽ አማካይነት ቤት ድረስ ይመጣ ጀመር፡፡ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶች ለጥቂት ሰዓታት ሲያርፉ፣ ከቡናው ጋር ፊልሙ፣ ከፊልሙም ጋር ክርክሩ አብሮ ይቀርብ ነበር፡፡ ክርክሩ ከሰዎቹ ጋር ተሰድዶ ዛሬም ድረስ ያልበረደለት አንድ የፍቅር ኮሜዲ አለ፤ «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃየንጌ»፡፡ ልብ ያለው ሙሽራይቱን ይወስዳታል እንደ ማለት ነው፡፡

ፊልሙ አዲትያ ቾፕራ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ሳለ ያዘጋጀው የመጀመሪያ ሥራው ሲሆን ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1995 ነው፡፡ በሙምባይ ማራታ ማንዲር በተባለው ሲኒማ ቤት ሳይቋረጥ ሲታይ ቆይቶ በታኅሣሥ 2014 አንድ ሺህ ሳምንት ሞላው፡፡ ታሪኩ የስደተኛ ታሪክ ነው፤ የዴምን ተመልካች ልብ የነካውም በዚሁ ይመስላል፡፡ ባልዴቭ ሲንግ ለንደን ውስጥ አነስተኛ ሱቅ ይዞ የሚኖር፣ ልቡ ግን ፑንጃብ የቀረ ሰው ነው፡፡ ልጁን ሲምራንን ገና በሕፃንነቷ ለወዳጁ ልጅ ለኩልጂት አጭቷታል፡፡ ሲምራን ከማግባቷ በፊት አውሮፓን ዞራ ለማየት የአንድ ወር ጊዜ አባቷን ለምና ታገኛለች፤ በጉዞዋም ራጅ ከተባለ የሀብታም ልጅ ጋር ትዋደዳለች፡፡ አባት ይህን በሰማ ጊዜ ቤተሰቡን ጠቅልሎ ወደ ፑንጃብ ይመለሳል፡፡ ራጅ ይከተላታል፤ ደርሶም «ይዘኸኝ ጥፋ» ስትለው እንቢ ይላል፡፡ አባቷ በእጁ ካልሰጠው በቀር አይወስዳትም፡፡

ጭብጨባው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፡፡ «ይህ ወንድ ነው! እንደኛው ባህል ወላጅ አክብሮ፣ በፈቃድ ወሰዳት» የሚሉት ተመልካቾች ቁጥራቸው ብዙ ነው፤ ወጣቶችም አሉባቸው፡፡ በእነርሱ ዘንድ ፊልሙ ከሌላው የፍቅር ፊልም የሚለየው በጨዋነቱ ነው፡፡ ልጅቷን አላስኮበለለም፤ አባቷን አላዋረደም፤ ታግሦ አሸነፈ፡፡

ለመሆኑ በማን ፈቃድ ነው የወሰዳት? አማርኛችን በዚህ ቃል ላይ ቸር ነው፤ ምናልባትም ከሚገባው በላይ ቸር፡፡ ሰው ከልቡ የወደደውን ሲያደርግ «በፈቃዱ አደረገው» እንላለን፡፡ ሌላው ሰው «ይሁን» ብሎ ሲለቅቀውም «ፈቃድ አገኘ» እንላለን፡፡ ሠራተኛ ከሥራው ሲያርፍ ደግሞ «ፈቃድ ወጣ» ይባላል፡፡ የራስ መሻት፣ የሌላ ሰው ይሁንታና የዕረፍት ጊዜ በአንድ ቃል ይጠራሉ፡፡ የህንድኛው «ኢጃዘት» ይሁንታ ማለት ነው፤ ከዓረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ ያው ቃል በካርቱም «ኢጃዛ» ሆኖ የዕረፍት ቀን ማለት እንደሆነ በሰው ቤት የሠራች ሁሉ ታውቀዋለች፡፡ እንግዲህ ሲምራንን በእነዚህ ሦስት ትርጉሞች እንመዝናት፡፡ የአንድ ወር ዕረፍት አግኝታለች፤ አባቷ ሰጥቷት፡፡ ይሁንታም አግኝታለች፤ በመጨረሻው ትዕይንት ባቡሩ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ አባቷ የያዘውን እጇን ለቅቆላት፡፡ የራሷ መሻት ግን ከፊልሙ አጋማሽ ጀምሮ ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ አንድም ጊዜ ጉዳዩን አልወሰነም፡፡ ለአንድ ወር ሕይወቷንም ሆነ ለቀሪው ዕድሜዋ የምትለምነው ያንኑ አንድ ሰው ነው፡፡

ይህን የምትለው ሲምራን ብቻ ብትሆን ኖሮ «ልጅ ናት፣ ቸኩላ ነው» ይባል ነበር፡፡ ነገር ግን እናቷ ላጆም አለች፡፡ ላጆ ሴት ሆና በመወለዷ ስንት ነገር እንደ ተወች፣ ይህ ዕጣ ለልጇ እንዳይደርስ ለራሷ ቃል ገብታ እንደ ነበር፣ ቃሏን ግን መጠበቅ እንደ ተሳናት ለልጇ የምትነግርበት ትዕይንት ከፊልሙ ሁሉ እውነተኛው ነው፡፡ በኋላም ጌጣጌጧን አውጥታ ሰጥታ ልጄን ይዘህ ሂድ የምትለው እርሷ ናት፡፡ የቤቱ ሁለት ሴቶች አንድ ቃል ተናገሩ፤ አንድ ወጣት ወንድ ደግሞ ከአባትየው ጋር ገና ሳይነጋገር የአባትየውን ክብር አስቀድሞ ሁለቱንም ሻራቸው፡፡ ይህ ጨዋነት ከተባለ፣ ጨዋነቱ ለባልዴቭ እንጂ ለሲምራን እንዳልሆነ መታወቅ አለበት፡፡

እዚህ ላይ የዴም እናቶች የሚያነሡት መከራከሪያ ቀላል አይደለም፤ ተንቆ መታለፍም የለበትም፡፡ «ልጄ፣ ያለ ወላጅ ምርቃት የተያዘ ትዳር ሲጣላ ማን ይሸመግለዋል?» ይላሉ፡፡ በሰው አገር ያለች ሴት፣ መኖሪያ ወረቀቷ ያልተስተካከለ፣ ባሏ ቢከዳት የምትገባበት ቤት የሌላት፣ ከዘመድ ከተቆረጠች በእርግጥም ብቻዋን ናት፡፡ የኮበለለች ልጅ የምትከፍለውን ዋጋ ያየ ሰው በራጅ እንቢታ ቢጽናና አይፈረድበትም፡፡ ይሁን እንጂ ይህ መከራከሪያ የሚያስረዳው ምርቃት ጥሩ ነገር መሆኑን ነው፤ ያለ ምርቃት ሴቲቱ የራሷ ሰው አይደለችም ማለትን አያስረዳም፡፡ ደግሞስ ከዴም ወደ አገር ቤት ገንዘብ እየላከች ወንድሞቿን ያስተማረች፣ የአባቷን ቤት ቆርቆሮ ያለበሰች ልጅ፣ ለደመወዟ ሲሆን እንደ ቤተሰብ አስተዳዳሪ፣ ለትዳሯ ሲሆን ግን በስልክ ተወስኖ እንደሚነገራት ሕፃን የምትቆጠረው በምን ሒሳብ ነው?

ሕጉን ያየን እንደሆነ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻን በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ አቁሞታል፤ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ደግሞታል፡፡ በሱዳን በኩል እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የሙስሊሞች የግል ሁኔታ ሕግ የሴቲቱን የጋብቻ ውል ወሊዋ እንዲያስፈጽም ያዝዛል፡፡ በዴም የኖረ ኢትዮጵያዊ በእነዚህ ሁለት አስተሳሰቦች መካከል የኖረ ነው፤ ፊልሙን ሲያደንቅ የትኛውን እያደነቀ እንደሆነ ሊያውቅ ይገባዋል፡፡

«ኧረ ኮሜዲ ነው፤ ለምን ታከብዱታላችሁ?» የሚሉም አሉ፡፡ እነዚህ ከሁሉም ይልቅ የሚያስገርሙ ናቸው፡፡ ኮሜዲ ሰው በምን እንደሚስቅ የሚያሳይ ነገር ስለሆነ ከባዱ እርሱ ነው፡፡ በስዊዘርላንዱ ትዕይንት ሲምራን ሰክራ አድራ ስትነቃ፣ ራጅ ሌሊቱን አብረው እንዳደሩ አስመስሎ ይቀልድባታል፡፡ እንባዋ ሲወርድ ያን ጊዜ ቀልዱን ትቶ፣ የህንዳዊት ክብር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ህንዳዊ መሆኑን ይምልላታል፡፡ በዚህ መሐላ የሚደመም ተመልካች፣ ከመሐላው በፊት ያለቀሰችውን ልጅ ረስቷታል ማለት ነው፡፡ መሐላውም ቢሆን የሚናገረው ስለ ክብር ነው፤ እርሷ የፈለገችውንና ያልፈለገችውን አልጠየቀም፡፡

የልዩነቱ ምንጭ ግን የተመልካቹ አስተሳሰብ ብቻ አይደለም፤ ትርጉሙም አለበት፡፡ ህንድኛውን የሚያውቅ አልነበረም፡፡ የግርጌ ጽሑፉ በዓረብኛ ነው፤ የካርቱምን ዓረብኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሁሉ ግን ጽሑፉን ያነባል ማለት አይደለም፡፡ ስለዚህ ማንበብ የሚችል አንዱ ለሌሎቹ በአማርኛ ይተርካል፡፡ በዚያ ላይ «ዱኒያ»፣ «ሞሐበት»፣ «ኪታብ» የመሳሰሉት ከዓረብኛ የተወረሱ የህንድኛ ቃላት ጆሮ ላይ ሲያቃጭሉ፣ አድማጩ ያልገባው ንግግር የገባው ይመስለዋል፡፡ ተራኪው ደግሞ፣ በክፋት ሳይሆን ታሪኩን ለማቅረብ ሲል፣ የራጅን ንግግር «በሽማግሌ አስጠይቄ እወስድሻለሁ» ብሎ ይመልሰዋል፡፡ በዚህች አንዲት ቃል ፊልሙ ሌላ ፊልም ሆነ፡፡

የእኛ ሽማግሌ በቀን ይመጣል፤ የመጣበትን ይናገራል፤ የልጁን ዘር ማንዘር ያስቆጥራል፤ እንቢ ቢባልም ተመላልሶ ይጠይቃል፡፡ ልጅቱን ባለመጠየቁ ስንት ጊዜ እንደ በደለ የሚካድ አይደለም፤ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ያቀረበው «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም የሽማግሌዎች ሸንጎ ለተጠለፈች ልጅ ምን ያህል ባዕድ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል፡፡ ቢሆንም ሽማግሌ በስውር አይገባም፡፡ ራጅ ግን ወደ ሙሽራው ቤት የገባው ወዳጅ መስሎ፣ ማንነቱን ደብቆ ነው፡፡ እናቲቱን፣ አያቲቱን፣ ሙሽራውን ራሱን በጨዋታው ሲያማልል ሰንብቶ፣ የተጋለጠውም ባልዴቭ ፎቶግራፍ እጁ ላይ በወደቀ ጊዜ ነው፡፡ አንድ ቀን እንኳ ጠያቂ ሆኖ ከአባትየው ፊት አልቆመም፡፡ በዚህ ሁሉ መካከል የኩልጂት እህት ፕሪቲ ራጅን ለትዳር አስባው ነበር፤ የእርሷን ነገር ባለታሪኮቹም ተመልካቹም ያነሣው የለም፡፡

ፊልሙ አይታይ የሚል የለም፤ ዘፈኑና ሳቁ፣ የሻሩክ ካንና የካጆል አብሮ መጫወት ገና ብዙ ዓመት የሚታይ ነው፡፡ ነገር ግን ከእንግዲህ ይህን ታሪክ በአማርኛ የሚተርክ ሁሉ፣ ቡና ላይም ይሁን በቀረጻ፣ ራጅ ያልላከውን ሽማግሌ በአፉ አያስገባለት፡፡ «አባትሽ እስኪሰጠኝ አልወስድሽም» ብሎ እንደ ተናገረው ይተርጉመው፤ ላጆም ጌጧን ዘርግታ የተናገረችው ሳይቆረጥ ይነገርላት፤ ሰሚው ያን ጊዜ ለማን እንደሚያጨበጭብ ይምረጥ፡፡