ከፓምፑ ሥር ያለው ባልዲ



ከታችኛው ታንከር ወደ ጣሪያው ውኃ የሚገፋልን ፓምፕ ሥር ባልዲ ከተደቀነ ሰንብቷል። ባልዲውን ያስቀመጠ ይመስገን። «ጠብታ ምን ያመጣል?» ለሚሉት ግን፣ ያመጣል እንላለን።

ያለቀው ዘንጉ ላይ የሚገባው «መካኒካል ሲል» የሚሉት ዕቃ ነው። አንዱ ገጹ ካርቦን፣ ሌላው ሴራሚክ ሆኖ በሞላ ተገፍተው ይፋተጋሉ፤ የሚያቀዘቅዛቸው ራሱ ውኃው ነው። ውኃ በፈረቃ ሲሆን ታንከሩ ይደርቃል፣ ፓምፑን የሚያጠፋ አይገኝም፣ ዕቃውም በባዶ ዞሮ ይቃጠላል። የሚያፈሰው ውኃ ዘንጉን ተከትሎ ኩችኔታው ጋ ይደርሳል፤ ቀጥሎ የሞተሩ ሽቦ ነው። ያን ጊዜ መዋጮው ለሙሉ ሞተር ሊሆን ነው።

ይህን ስንናገር «እኔ ምድር ላይ ነኝ፣ ያለ ፓምፕ ይደርሰኛል» የሚል መልስ ሰማን። እውነት ነው፣ ይደርሳል። ነገር ግን አራተኛ ፎቅ ያሉት እናቶች ጀሪካን ተሸክመው የሚያልፉት በዚሁ መላሽ ደጃፍ ነው። ደግሞስ የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ሲወጣ የጋራ ወጪን በባለቤቶች ሁሉ ላይ ነው የጣለው፤ ለምድር ቤት የተለየ በር አልከፈተም።

ሲገዛ አሮጌው ለናሙና ይያዝ፣ የዘንጉ ውፍረትም ይለካ። ሲገጠም መብራቱ ከቆጣሪው ይጥፋ፤ የሚፋተጉት ገጾች በእጅ አይነኩ። ታንከሩ ሲደርቅ ፓምፑን በራሱ የሚያጠፋ ተንሳፋፊም አብሮ ይገባ፤ ያለዚያ አዲሱም ያው ነው የሚሆነው።

መዋጮው እሑድ ጧት በጥበቃ ቤቱ በር ላይ ይሰበሰባል።