መርፌው እግር ላይ፣ ለውጡ አንጎል ውስጥ

የዚህ ዕትም ዋና ርዕስ አኩፓንክቸርና የፓርኪንሰን ሕመም ነው። በዚህ ሕመም ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል የሚያመነጩ የአንጎል ሴሎች እየሞቱ ሲሄዱ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃ ያጥራል፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ እንኳ ትግል ይሆናል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ሕመሙን እ.ኤ.አ. በ1817 ከገለጸው ሁለት መቶ ዓመት አልፏል፤ ሊቮዶፓ የተባለው መድኃኒት ግን ዛሬም ምልክቱን ያስታግሳል እንጂ በሽታውን አያቆምም። ስለዚህ ሕመምተኛው ሌላ በር ቢያንኳኳ አይፈረድበትም። ከበሩ በስተጀርባ ያለውን በትክክል መንገር ደግሞ የእኛ ግዴታ ነው።

የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች ከጉልበት በታች፣ በእግር ውጫዊ ጎን ባለች አንዲት ነጥብ ላይ ቀጭን መርፌ ሰክተው የሕመምተኞችን አንጎል በኤምአርአይ ሲመለከቱ፣ ፑታሜንን ጨምሮ እንቅስቃሴን በሚመሩ ክፍሎች ላይ ለውጥ አይተዋል። ይህ ሊናቅ የማይገባው ግኝት ነው፤ ፈውስ ግን አይደለም። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ጥቂት ነበር፤ በምስል ላይ የደመቀ አንጎልም መንቀጥቀጡ ለቀቀ ማለት አይደለም። «ሰውየው ከተሻለው ምን አስጨነቃችሁ?» የሚል ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የካናዳ ጥናት፣ መድኃኒት የሌለው ፈሳሽ የተወጉ የፓርኪንሰን ሕመምተኞች አንጎል መሻልን በመጠበቅ ብቻ ዶፓሚን እንደለቀቀ አሳይቷል። በዚህ ሕመም ላይ እውነተኛውን መርፌ ከማስመሰያው ጋር ሳያወዳድሩ መደምደም የማይቻለው ለዚህ ነው። በሚቀጥሉት ገጾች የአንጎል ምስል ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር፣ ሐኪምዎን ምን መጠየቅ እንዳለብዎ፣ የታዘዘ መድኃኒትም ለመርፌ ተብሎ ለምን መቋረጥ እንደሌለበት ያገኛሉ።