ለመስቀል የሚደርስ ችግኝ

አምና መስቀልን አገና፣ እናቴ ቤት ነበርን። የሰባት ዓመቱ ልጄ ከአያቱ ጋር ጓሮ ወረደና ከመደብ ላይ ሃያ የጎመን ችግኝ ነቅለው ከእንሰቱ ማዶ ተከሉ። በሦስተኛው ቀን ግማሹ አንገቱን ደፋ። ወደ አዲስ አበባ ልንመለስ ስንነሳ የቆሙት ሰባት ብቻ ነበሩ። ልጁ መንገድ ላይ ዝም ብሎ ቆየና "እኔ ነኝ የገደልኳቸው?" አለኝ።

የገደላቸው እሱ አልነበረም። ችግኝ ከመደብ ሲነቀል ውኃ የሚስቡለት ቀጫጭን ሥሮች ተበጥሰው መሬት ውስጥ ይቀራሉ። በሐምሌ ቢሆን ዝናቡና ደመናው እስኪያገግም ይደግፉታል። በመስከረም ግን ዝናቡ እየሸሸ፣ ፀሐዩ እየበረታ ይመጣል። ስለዚህ በመስቀል ሰሞን የሚተከል ችግኝ ሥሩ ሳይነካ ከነአፈሩ መሄድ አለበት።

የፕላስቲክ ቱቦ አንድ መላ ነው። ነገር ግን ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሥሩም ፕላስቲኩን ሲነካ ዙሪያውን ይጠመጠማል፤ የተቀደደው ፕላስቲክ ደግሞ ጓሮ ውስጥ ይቀራል። ያለ ቱቦ የሚሠራው የአፈር ጡብ ነው። እርጥብ አፈርና ብስባሽ ተጠቅጥቆ በትንሽ በትንሹ ይጠፈጠፍና ዘሩ እላዩ ላይ ይዘራል። ሥሩ ከጡቡ ዳር ሲደርስ ደረቅ አየር ስለሚያገኘው እዚያው ይቆምና ወደ ውስጥ ሌሎች ሥሮችን ያበዛል። ሲተከል ወዲያው መሬቱን ይይዛል። ነገሩ የትናንት ፈጠራ አይደለም። በሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ፣ ሶቺሚልኮ በሚባለው ስፍራ፣ ገበሬዎች ከውኃ ውስጥ የሚያወጡትን ጭቃ በሰፊው ዘርግተው፣ ጠፈፍ ሲል በቢላ በአራት ማዕዘን እየቆረጡ ችግኝ ሲያፈሉበት ኖረዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሦስት እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ፣ አንድ እጅ የጓሮ አፈር በወንፊት ይነፋ። ብስባሹ የአፈር እንጂ የበረት ሽታ ሊኖረው አይገባም፤ ያልበሰለ ፍግ ችግኙን ያቃጥለዋል። ውኃ እየጨመራችሁ እንደ ወፍራም ገንፎ አቡኩት። በእፍኛችሁ ስትጨምቁት በጣቶቻችሁ መካከል ጥቂት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው። ደረቅ ከሆነ ጡቡ ይፈረካከሳል።

ለቅርጹ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ይበቃል። ሁለቱንም ጫፍ ክፈቱና ስለታሙን ከንፈር በፒንሳ አጥፉት፤ ይህ የወላጅ ሥራ ነው። ጣሳውን ጭቃው ውስጥ እየጫናችሁ ሙሉት፤ ከዚያ ጣውላ ላይ አቁማችሁ በጣሳው ልክ በተቆረጠ እንጨት ከላይ ግፉት። ቁመቱ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። በጡቦቹ መካከል የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ተዉ፤ ሥሩን የሚያቆመው አየር በዚያ ነው የሚገባው።

በእያንዳንዱ ጡብ አናት ላይ ሁለት ዘር አስቀምጡና ስስ ብስባሽ አልብሱት። ሁለቱም ከበቀሉ ደካማውን በመቀስ ቁረጡት እንጂ አትንቀሉት። የነሐሴ ዝናብ ጡቡን ስለሚያፈርሰው፣ ብርሃን በሚገባበት በረንዳ ወይም ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ይቀመጥ። ለማጠጫ የሃይላንድ ክዳን በመርፌ ብሱና በቀስታ አርከፍክፉ። ጡቡ ጨርሶ ከደረቀ መልሶ ውኃ አይጠጣም። ከዶሮ ደግሞ ጠብቁት!

ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በዚህ መንገድ ያምራሉ። ካሮትን ግን አትሞክሩ፤ ሥሩ ከተዛወረ ይንሻፈፋል፤ እሱ በቀጥታ መሬት ላይ ይዘራ።

አሁን ቀኑን እንቁጠር። ነሐሴ 12 የተዘራ ጎመን ጳጉሜን ተሻግሮ እስከ መስቀል ድረስ ከአምስት ሳምንት በላይ ይሆነዋል፤ ለመተከል ልኩ ነው። ከመተከሉ በፊት ባለው ሳምንት ቀን ቀን ፀሐይ ላይ እያወጣችሁ አለማምዱት። ተከላው አመሻሽ ላይ ይሁን። ጡቡን አስቀድማችሁ አጠጡና ሙሉ በሙሉ ቅበሩት፤ ጫፉ ከአፈሩ በላይ ከቀረ ነፋሱ እርጥበቱን መጥጦ ያደርቀዋል። በዚህ መንገድ የተተከለው ኅዳር አጋማሽ ላይ የነቢያት ጾም ሲገባ ቅጠሉ ለድስት ይደርሳል።

በጉራጌ መስቀል ከእርዱ አስቀድሞ የጎመን ክትፎ የሚበላበት ቀን አለ። ጎመን እዚያ ማባያ ብቻ ሳይሆን የበዓል ማዕድ ነው። ከዚያ ውጪም ያስፈልጋል። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ፕሮቲንና ቫይታሚኑ ትንሽ ነው፤ ጎመንና አይብ ያንን ጉድለት ይሞላሉ። በ2011 ዓ.ም የተካሄደው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 37ቱ የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። የጓሮ ጎመን ብቻውን ይህንን አይፈታም፤ ከልጅ ሳህን ሊጠፋ ግን አይገባም።

ዘንድሮ ልጄና እኔ ጡቡን የጠፈጠፍነው አዲስ አበባ፣ በረንዳችን ላይ ነው። ሥሩ አፈሩን ስለሚያስረው በካርቶን ደርድረን አገና ድረስ እንወስደዋለን። ለእናቴ በስልክ ስነግራት ሳቀች፤ "ጭቃ ማቡካትማ የልጅ ጨዋታ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። ለዚህም ነው ከዚህ ሥራ አብዛኛውን ለልጁ የተውኩት።

እናንተም ለአያት ስኳርና ቡና ስትሸክፉ ከጎኑ አንድ ካርቶን ችግኝ ጨምሩበት። አያት ያጠጣሉ፤ ልጅ ከአዲስ አበባ እየደወለ "ጎመኔስ?" ይላል። የእኛ ሃያ ጡብ ተዘርቷል። ከሃያው ስንቱ እንደቆመ ከመስቀል ስንመለስ እነግራችኋለሁ።