ኩባንያው በታሊን፣ ባለቤቱ በበርሊን፤ ግብሩስ የማን?

በአውሮፓ በግል ሥራቸው የሚተዳደሩ ሰዎች፣ ተርጓሚው፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሪው፣ የሥነ ሕንፃ ባለሙያው፣ አማካሪው ሁሉ፣ በየጊዜው የሚሰሙት አንድ ስብከት አለ። የምትኖርበት አገር ግብር ከብዶሃል፤ ስለዚህ ግብር በቀለለበት አገር ኩባንያ አስመዝግብ፤ ደንበኞችህ ክፍያውን ለኩባንያው ይፈጽሙ፤ አንተም እፎይ ትላለህ የሚል ነው። ሰባኪዎቹ ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ጉዳይ በክፍያ የሚያስፈጽሙ ደላሎች ናቸው። ስለ ምዝገባው ቀላልነት ሲናገሩ አይዋሹም። ዝም ብለው የሚያልፉት ከምዝገባው በኋላ የሚመጣውን ነው። አበው «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው።

በእኔ እምነት የችግሩ ሥር ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን እንደ አንድ መቁጠር ነው። የመጀመሪያው፣ ኩባንያው በየትኛው አገር ሕግ ተወለደ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ገቢውን የሚያገኘው ሰው የት ይኖራል፣ ኩባንያውስ ከየት ይመራል የሚል ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለመጀመሪያው ጥያቄ እጅግ ለጋስ መልስ ሰጥቷል። ሁለተኛውን ግን ለ27 አባል አገሮች ትቶታል። በዚህ ክፍተት ውስጥ የሚወድቀው ጥሩ ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌለው ትንሹ ሠራተኛ ነው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1992 በዴንማርክ የሚኖሩ ባልና ሚስት ሴንትሮስ የተባለ ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ በእንግሊዝ አስመዘገቡ። ካፒታሉ 100 ፓውንድ ነበር። ኩባንያው በእንግሊዝ ምንም ዓይነት ንግድ አልሠራም፤ የታሰበው በዴንማርክ እንዲሠራ ነው። በጊዜው የነበረው የዴንማርክ ሕግ ለእንዲህ ያለ ኩባንያ 200,000 ክሮነር መነሻ ካፒታል ይጠይቅ ስለነበር፣ የዴንማርክ መዝጋቢ መሥሪያ ቤት ይህ ሕግን መሸሽ ነው ብሎ ቅርንጫፉን አልመዘግብም አለ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1999 በሰጠው ፍርድ፣ ዜጎች ሕጉ በቀለላቸው አባል አገር ኩባንያ ማቋቋማቸው ብቻውን መብትን ያለ አግባብ መጠቀም አይደለም ሲል ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 የተሰጡ ሁለት ተከታይ ፍርዶችም ይህንኑ አጸኑት።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ፍርዶች ስለ ኩባንያ ምዝገባና ስለ ሕጋዊ ሰውነት ዕውቅና የተሰጡ ናቸው። አንድ ሰው ግብሩን ለማን ይክፈል የሚለውን ጥያቄ አልነኩም። በሕዝብ ዘንድ ግን ፍርዱ «ኩባንያህን የትም አስመዝግብ» ከሚለው አልፎ «ግብርህንም የትም ክፈል» የሚል ሆኖ ተተረጎመ።

የመጀመሪያውን ትምህርት የወሰዱት ጀርመኖች ናቸው። በጀርመን የተለመደውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ለማቋቋም 25,000 ዩሮ ካፒታል ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አንድ ፓውንድ ይበቃል። ከፍርዶቹ በኋላ በነበሩት ዓመታት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የእንግሊዝ ኩባንያዎች ተመዝግበው ሙሉ ሥራቸውን በጀርመን ማካሄድ ጀመሩ። የጀርመን መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2008 ሕጉን አሻሽሎ በአንድ ዩሮ የሚቋቋም የማኅበር ዓይነት ለመፍቀድ ተገደደ። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ወጥታ የሽግግሩ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ሲያበቃ ደግሞ፣ አመራራቸው በጀርመን የነበረው የእንግሊዝ ኩባንያዎች የመሠረቱበትን ዕውቅና አጡ። የጀርመን ሕግ እንደ ሽርክና ወይም እንደ ግለሰብ ነጋዴ ያያቸው ጀመር፤ ይህም ማለት ባለቤቱ ለኩባንያው ዕዳ በግል ንብረቱ ይጠየቃል ማለት ነው። ወረቀቱን በሰው አገር ያስቀመጠ ሰው፣ የዚያ አገር ፖለቲካ ሲናወጥ የራሱም ቤት እንደሚናወጥ አላሰበም ነበር።

ዛሬ የብዙዎች ዓይን ያረፈው ኢስቶኒያ ላይ ነው። ይህቺ ትንሽ የባልቲክ አገር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 የኤሌክትሮኒክ ነዋሪነት የሚባል መታወቂያ ለውጭ ሰዎች መስጠት ጀመረች። መታወቂያውን የያዘ ሰው ካለበት ሳይነሣ ኩባንያ በኢንተርኔት ያቋቁማል፣ ሰነድ ይፈርማል፣ ሂሳብ ያስታውቃል። የኢስቶኒያ የግብር ሥርዓትም ማራኪ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በኩባንያው ውስጥ የቀረ ትርፍ ግብር አይከፈልበትም። ግብሩ የሚመጣው ትርፉ ለባለቤቶች ሲከፋፈል ሲሆን፣ መጠኑ እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ 22 በመቶ ነው። ይሁን እንጂ መታወቂያው ቪዛ አይደለም፣ የመኖሪያ ፈቃድም አይደለም፣ የግብር ነዋሪነትንም አይሰጥም። ይህንን የኢስቶኒያ መንግሥት ራሱ በግልጽ ይናገራል። የሚደብቁት ደላሎቹ ናቸው።

አንድ በርሊን የሚኖር ተርጓሚ በታሊን ኩባንያ አቋቋመ እንበል። ሥራውን የሚሠራው በርሊን በሚገኘው ጠረጴዛው ላይ ነው። ውል የሚዋዋለው፣ ዋጋ የሚወስነው፣ ገንዘብ የሚያዘው እዚያው ነው። የጀርመን የኩባንያ ግብር ሕግ የሚጠይቀው የተመዘገበ መቀመጫው ወይም አመራሩ በጀርመን መሆኑን ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ይበቃል። ስለዚህ ኩባንያው በልደቱ ኢስቶኒያዊ፣ በግብር በኩል ግን የጀርመን ነዋሪ ይሆናል። ተርጓሚው ሁለት የሂሳብ መዝገብ ይይዛል፣ ለሁለት መንግሥታት ያስታውቃል፣ ሁለት የሂሳብ ባለሙያ ይከፍላል። ሊያስቀር የፈለገው ግብር ሳይቀር ወጪው ተጨመረለት። ያላስታወቀ እንደሆነ ደግሞ ጉዳዩ ግብር ስወራ ወደሚባለው ወንጀል ይሻገራል።

የማኅበራዊ ዋስትናውም እንደዚሁ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት በሁለት አገሮች በግሉ የሚሠራ ሰው፣ ጉልህ የሆነውን የሥራውን ክፍል በሚኖርበት አገር የሚያከናውን ከሆነ መዋጮውን የሚከፍለው እዚያው ነው። የጤና መድኅኑና ጡረታው ኩባንያው የተመዘገበበትን አድራሻ ተከትለው አይሄዱም።

ኩባንያውን ትተን ሰውዬውን ብቻ ብናይስ? ብዙዎች በዓመት ከ183 ቀን በታች ከቆየሁ ነጻ ነኝ ይላሉ። ቁጥሩ በብዙ አገሮች ሕግ ውስጥ በእርግጥ አለ። ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ ነዋሪ የሚያደርግ አንድ ምክንያት ነው እንጂ ነዋሪ አለመሆንን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አይደለም። በጀርመን ለራስህ ጥቅም የያዝከው ቤት መኖሩ ብቻ ነዋሪ ሊያሰኝህ ይችላል። ዝነኛው የቴኒስ ተጫዋች ቦሪስ ቤከር ይህንን በውድ ዋጋ ተምሮታል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1993 ነዋሪነቴ በሞናኮ ነው ብሎ ቢያስታውቅም፣ በሙኒክ መኖሪያ እንደነበረው ስለተረጋገጠ እ.ኤ.አ. በ2002 የሙኒክ ፍርድ ቤት በግብር ስወራ ጥፋተኛ ብሎ የሁለት ዓመት የገደብ እስራት ፈርዶበታል። ሁለት አገሮች አንድን ሰው ነዋሪዬ ነው ብለው ሲጣሉ፣ ተደራራቢ ግብርን ለማስቀረት የሚፈረሙት ስምምነቶች በቅድሚያ የሚጠይቁት ቋሚ መኖሪያ ቤቱ የት ነው፣ ቤተሰቡና ጥቅሙ የተሳሰሩት ከየት ጋር ነው የሚለውን ነው። ዜግነት እንኳን የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው።

አይታወቅብኝም የሚለውም ተስፋ ዘመን አልፎበታል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በርካታ አገሮች የውጭ ነዋሪዎችን የባንክ ሂሳብ መረጃ በየዓመቱ በቀጥታ ይለዋወጣሉ። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ የኢንተርኔት የሥራና የሽያጭ መድረኮች እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በእነርሱ በኩል የሚሠሩ ሰዎችን ገቢ ለግብር ባለሥልጣናት የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው።

እስከዚህ ያልኩት ለትንሹ ሠራተኛ ተግሣጽ ይመስላል። ፍርድ ግን ሚዛን ይፈልጋል። ሥራ በሚሠራበትና ውሳኔ በሚሰጥበት ቦታ ግብር ይከፈል የሚለው መርሕ ቅን መርሕ ነው። ጥያቄው በማን ላይ ተፈጻሚ ሆነ የሚለው ነው። የአፕል ኩባንያ በአየርላንድ ያስመዘገባቸው ሁለት ድርጅቶች ለብዙ ዓመታት በየትኛውም አገር የግብር ነዋሪ አልነበሩም። ትርፋቸው የሚመዘገብበት ዋና መሥሪያ ቤት ሠራተኛም ሆነ ሕንፃ የሌለው በወረቀት ላይ ብቻ የነበረ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2016 እስከ 13 ቢሊዮን ዩሮ እንዲመለስ ወሰነ፤ ክርክሩ ቀጥሎ የመጨረሻው ፍርድ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግዙፉን ኩባንያ የአየርላንድ መንግሥት ራሱ ቆሞ ተከራክሮለታል። ለበርሊኑ ተርጓሚ ቆሞ የሚከራከርለት መንግሥት የት አለ? ለእርሱ የሚደርሰው የመክፈያ ጊዜውን የሚገልጽ ደብዳቤ ነው።

አንዳንድ ወዳጆች ከዚህ ተነሥተው፣ ትልልቆቹ ካመለጡ ትንንሾቹም ቢያመልጡ ምን ነውር አለው ይላሉ። ቁጣቸው ይገባኛል፤ መደምደሚያቸው ግን አይዋጥልኝም። ተርጓሚው የሚሄድበት መንገድ፣ የልጁ ትምህርት ቤት፣ የታመመ ዕለት የሚተኛበት ሆስፒታል በሚኖርበት ከተማ ነው ያሉት። እርሱ ያልከፈለውን ጎረቤቱ ይከፍላል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ግብሩ ከደመወዙ ላይ ተቆርጦ የሚቀር ተቀጣሪ ነው። ግብሩ የከበደው ሰው ሕጋዊ መንገድ አለው። ኑሮውን ነቅሎ፣ ቤቱን ለቅቆ፣ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሌላ አባል አገር መሄድ መብቱ ነው። ኑሮን ማዛወርና አድራሻን ማዛወር ግን የተለያዩ ናቸው።

መንግሥታቱስ? የአውሮፓ ገበያ አንድ ነው ተብሎ ከታወጀ፣ በእውነት በሁለት አገሮች የሚሠራው ቅን ሰው ለምን በሁለት ሕግ ይሰቃያል? ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በሌሎች አባል አገሮች ቋሚ የሥራ ቦታ ያላቸው ትንንሽ ድርጅቶች ግብራቸውን በዋና መሥሪያ ቤታቸው አገር ደንብ አስልተው በአንድ ቦታ እንዲያስታውቁ የሚያስችል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ነገር ግን በኅብረቱ ውስጥ የግብር ጉዳይ የሚወሰነው በሙሉ ድምፅ ስለሆነ አንድ መንግሥት እምቢ ካለ ሐሳቡ ይቆማል። ደላሎቹ የሚነግዱት በዚህ መጓተት ላይ ነው። ቀላልና ግልጽ ሥርዓት ቢኖር ኖሮ ገበያቸው በቀዘቀዘ ነበር።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በስቶክሆልም፣ በፍራንክፈርትና በሮም በግል ሥራ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ይኸው ስብከት ይደርሳቸዋል። የአገራችንም የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ተመሳሳይ መርሕ ይዟል፤ መኖሪያው በኢትዮጵያ የሆነ ወይም በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ183 ቀናት በላይ በአገሪቱ የቆየ ሰው ነዋሪ ነው፤ በውጭ የተቋቋመ ድርጅትም አመራሩ በኢትዮጵያ ከሆነ ነዋሪ ይባላል። ስለዚህ በውጭ ኩባንያ ለማስመዝገብ የምታስቡ ሁሉ ደላላውን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ ሥራው የሚሠራው የት ነው? መልሱ የምትኖሩበት ከተማ ከሆነ፣ የምትገዙት ነገር «ላም አለኝ በሰማይ» ነው።

ቸር ያሰማን።