ቲቢው ለቀቀው፤ ሳንባውስ?

በሱወይዲ ከአሮጌዎቹ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አምስት ሆነው የሚኖሩ የወሎ ልጆች አሉ። ታናሹ 17 ዓመቱ ነው። ሌሎቹ የውሃ ካርቶን ተሸክመው ሲወጡ እሱ ባዶ እጁን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። መጀመሪያ «ሰነፍ» አሉት። ሳሉ ሲጠናበት ደግሞ «ቲቢው ተመልሶበታል» ብለው ብርጭቆውን ለዩበት። ልጁ አገር ቤት እያለ በ14 ዓመቱ ቲቢ ታሞ፣ የስድስት ወሩን መድኃኒት ሳያቋርጥ ጨርሶ፣ «ድነሃል» ተብሎ የተሸኘ ነው። (በነገራችን ላይ ቲቢ በብርጭቆ አይተላለፍም። የሚተላለፈው ሕመምተኛው ሲያስል በሚወጣው አየር ነው፤ በተለይ ክፍሉ ከታፈነ።)

እንዲህ ያለ ልጅ እዚህ ሪያድ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ችግሩ ያለው «ድነሃል» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ጤና ጣቢያ «ዳነ» የሚለው ተህዋሲው ከአክታው ሲጠፋ ነው። ቃሉ ስለ ተህዋሲው እንጂ ስለ ሳንባው አይናገርም። ተህዋሲው ሲሞት የበላው ቦታ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። የአየር ቧንቧዎቹ ከመጠን በላይ ሰፍተው አክታ ሊያቁሩ፣ ወይም ሊጠቡ ይችላሉ፤ አንዳንዴም የተቦረቦረ ጉድጓድ ይተርፋል። ሰውየው ከበሽታው ነፃ ነው፣ ወደ ማንም አያስተላልፍም፤ ግን ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል፣ ብርድ በመጣ ቁጥር ደረቱ ይታመማል።

በአሥራዎቹ ዕድሜ ነገሩ ይከብዳል። በዚህ ዕድሜ የሚይዘው የሳንባ ቲቢ ብዙ ጊዜ እንደ አዋቂው ሳንባን የሚቦረቡር ዓይነት ነው። ሳንባ ደግሞ እስከ 20ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አቅሙ እየጨመረ ነው የሚሄደው። በ14 ዓመቱ የተጎዳ ሳንባ ሊደርስበት ከሚገባው ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ከዚያ ዕድሜ ሲገፋ የሁላችንም ትንፋሽ ይቀንሳል አይደል? ከእሱ የሚቀነሰው ግን ቀድሞም ከጎደለው ላይ ነው። በጋምቢያና በደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን ሐኪሞች ሕክምና የጨረሱ ልጆችንና ወጣቶችን ትንፋሽ ለክተው፣ ከዳኑት መካከል የሳንባ አቅማቸው የቀነሰ ብዙ አግኝተዋል።

ዓለም ለዚህ ነገር ዘግይቶ ነው የነቃው። እ.ኤ.አ. በ2020 በሕይወት የነበሩ፣ ከቲቢ የተረፉ ሰዎች 155 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆኑ ተመራማሪዎች ገምተዋል። ከቲቢ በኋላ ስላለው ሕይወት ብቻ የሚመክር የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የተካሄደው ግን ገና በ2019 በደቡብ አፍሪካ ስቴለንቦሽ ነበር። በ2021 ባለሙያዎች «ሕክምናው ሲያልቅ የሳንባው ሁኔታ ይመርመር» የሚል መመሪያ አወጡ። በተግባር ብዙ ቦታ ልጁ የመጨረሻዋን ክኒን ሲውጥ መዝገቡ ይዘጋል።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ። ያንን ጠባሳ ማንም ሳያይለት አድጎ የሚታየው መቼ ነው? ለሥራ ለመውጣት ሲመረመር። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በሕጋዊ መንገድ የሚመጣ ሰው ዱሮ ጋምካ፣ አሁን ዋፊድ በምንለው ሥርዓት የደረት ራጅ ይነሳል። የአገሮቹ የጋራ ደንብ ደግሞ በሽታው ያለበትን ብቻ ሳይሆን ራጁ ላይ ያለፈ ቲቢ ምልክት የታየበትንም «አንፊት» ይለዋል። አገሮቹ ከሚተላለፍ በሽታ ራሳቸውን መጠበቃቸው መብታቸው ነው። ግን ጠባሳ አይተላለፍም፤ ታክሞ የዳነን ሰው ካልዳነው በአክታ ምርመራ መለየት እየተቻለ በፎቶ ብቻ መመለስ፣ መድኃኒቱን በሥርዓት የጨረሰውን ልጅ መቅጣት ነው የሚመስለኝ። በሩ ሲዘጋበት ደላላው አለ፤ ጅቡቲ አለ፣ ቦሳሶ አለ፣ ከዚያ ባሕሩና የመን። በረሃውን በእግር የሚያቋርጠው ያው የተጎዳ ሳንባ ነው። ተይዞ በታፈነ ክፍል ቢታጎር ደግሞ አዲስ ቲቢ ሊያገኘው ይችላል።

እዚህ ከቤተሰብ ጋር በኢቃማ ያሉትስ? የቤተሰብ ሩሱም እ.ኤ.አ. በ2017 በወር 100 ሪያል ተብሎ ጀምሮ በ2020 400 ደርሷል። ለአንድ ልጅ በዓመት 4,800 ሪያል ማለት ነው። ይህን እየከፈልን የልጁን የመድን ካርድ ኪስ ውስጥ ማቆየት አያዋጣም። በግል ድርጅት ለሚሠራ ሰው አሠሪው ሠራተኛውን ብቻ ሳይሆን በሥሩ ያሉትን ቤተሰቦችም መድን የማስገባት ግዴታ አለበት። ቲቢ ታክሞ የሚያለከልክ ልጅ ካላችሁ ሐኪሙን «ስፓይሮሜትሪ እንፈልጋለን» በሉት። በቧንቧ እፍ ተብሎ የሚለካ ነው፣ አያምም። አንዳንዱ በሚሳብ መድኃኒት ይሻለዋል፤ ሌላው አክታ የማውጣትና የመተንፈስ ልምምድ ይረዳዋል።

ሐኪም ጋ ስትቀርቡ በፊት ቲቢ መታከማችሁን አትደብቁ። ፍርሃቱ ይገባኛል፣ ግን መደበቅ ጣጣ አለው። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ፈጣን ምርመራ የሞተ ተህዋሲ ቅሪትንም ስለሚያነብ፣ ከታከሙ ዓመታት በኋላ እንኳ «አለ» ሊል ይችላል። ታሪካችሁን ካላወቀ ሐኪሙ የማያስፈልግ መድኃኒት እንደገና ሊያስጀምራችሁ ይችላል፤ ካወቀ የአክታ ካልቸር ያዝዛል። ለዚህ ነው ሕክምና መጨረሳችሁን የሚያሳየው ወረቀትና የድሮው ራጅ ወርቅ የሚሆኑት። አገር ቤት ያለ ሰው ከጤና ጣቢያው ወስዶ በዋትስአፕ ይላክላችሁ፤ አዲሱ ራጅ ከአሮጌው ጋር ሲተያይ ብዙ ክርክር ይቀራል። በሌላ በኩል ቲቢ በእርግጥም ሊመለስ ይችላል። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ ማታ ማታ ላብ፣ ክብደት መቀነስ ካለ «ጠባሳው ነው» ብሎ መተኛት አይሆንም። ደም ማሳል ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ የአምቡላንስ ቁጥር 997፣ የጤና ሚኒስቴር ምክር መስመር 937።

ቤት ውስጥስ? ሺሻው ይቅርበት፣ ይህ አያከራክርም። ቡናችንም ቢሆን… በተዘጋ መስኮት፣ ኤሲ በርቶ፣ ከሰሉና እጣኑ አንድ ላይ ሲጨስ ጤነኛውንም ያስላል። አቧራ በተነሳ ቀን ደግሞ ውጭ የሚሠራው ልጅ ማስክ ያድርግ።

የሱወይዲው ልጅ ኢቃማ የለውም፤ ሙስተውሰፍ በር ላይ «ኢቃማ?» እንዳይሉት ፈርቶ እስካሁን አልተመረመረም። ታላቅ እህቱ ከጤና ጣቢያው ወረቀቱን ለማግኘት እየተመላለሰች ነው። ጓደኞቹ አሁን ከሰሉን ኮሪደር ላይ ያያይዛሉ። ውሃውንም እነሱ ያወጡለታል፤ ብርጭቆው ግን እስካሁን እንደተለየ ነው።