ካሜራው የሚጠብቀው ማንን ነው?

ነሐሴ ሲገባ የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች ማስታወቂያ ይደራል። ድሮ «ሰፊ ግቢ፣ ብቁ መምህራን» ይል የነበረው ወረቀት ላይ አሁን አንድ መስመር ተጨምሯል፤ «ሰርቪሶቻችን ካሜራ የተገጠመላቸው ናቸው» የሚል። ወላጅ ይህን ሲያነብ ልቡ ያርፋል። የሰርቪሱ ክፍያ ሲጨምርም ብዙ አይከራከርም። ልጁን ከሰፈሩ እስከ ትምህርት ቤቱ በር የሚከታተልለት ዓይን ያለ ይመስለዋል።

ያ ዓይን በእርግጥ ያያል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ግዢው እንዴት እንደሚካሄድ ቢሮ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ርካሹ ያሸንፋል። ርካሹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለሱቅ ግድግዳ የተሠራ ካሜራ ነው። ሱቅ አይንቀጠቀጥም፤ ሰርቪስ ግን ቀኑን ሙሉ ኮብልስቶን ላይ ይንገጫገጫል። የሱቅ መቅጃ ውስጥ ያለው ተራ ሃርድ ዲስክ ለዚህ አልተሠራም፤ ገመዱም ይላላል። ሚኒባስ 12 ቮልት፣ ትልልቅ አውቶቡሶች በአብዛኛው 24 ቮልት ባትሪ ይዘው ሳለ፣ ለ220 ቮልት የተሠራውን ዕቃ በኢንቨርተር ማስነሳት የተለመደ መላ ሆኗል። ሞተር በተነሳ ቁጥር ኃይሉ ይዋዥቃል፣ መቅጃው ይጠፋል። የካሜራዋ ቀይ መብራት ግን ትበራለች። ወላጅ የሚያየው እሷን ነው።

ሻጭና ገዢ የሚነጋገሩት ስለ ሜጋፒክስል ነው። ዋናው ጥያቄ ግን «ምስሉ ስንት ቀን ይቆያል?» የሚለው ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ካሜራ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ቢቀዳ በሰዓት 0.9 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። አራት ካሜራ ያለው ሰርቪስ በቀን ለአራት ሰዓት ቢሠራ 14.4 ጊጋባይት ይሆናል። 128 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ ዘጠኝ የትምህርት ቀን ሳይሞላው ይጠግብና አዲሱን በአሮጌው ላይ መጻፍ ይጀምራል።

አሁን የአምስት ዓመት ሕፃን እናስብ። አንድ ትልቅ ሰው ኋላ ወንበር ላይ አስፈራርቶታል፣ ወይም ከዚያ የባሰ አድርጎበታል። ሕፃን እንዲህ ያለውን ነገር በዚያው ቀን ላይናገር ይችላል። መጀመሪያ ሰርቪስ አልሳፈርም ብሎ ያለቅሳል፣ ሌሊት ይባንናል። እናት ነገሩን ፈልቅቃ እስክታወጣው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይሄዳል። ትምህርት ቤት ስትደርስ የሚጠብቃት መልስ «ጠፍቷል» ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ቢያንስ የአንድ ወር ምስል የማይዝ መቅጃ ለልጅ ጥበቃ ተገዛ ሊባል አይገባም። በዚያው ስሌት የአንድ ወር ምስል ከ320 ጊጋባይት አይበልጥም፤ ስለዚህ ጥያቄው ከአቅም በላይ ነው የሚባል አይደለም።

የካሜራው አቀማመጥም ያው ነው። ሾፌሩ ራስ ላይ የተሰቀለች አንዲት ካሜራ የምታየው የወንበር መደገፊያ ነው፤ ትንንሾቹ ከመደገፊያው በታች ናቸው። ስለዚህ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት የሚያዩ ሁለት ካሜራዎች ያስፈልጋሉ። ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ፊትን ጥቁር ጥላ የማያደርጉ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት በግማሽ ጨለማም የሚለዩ መሆን አለባቸው። ሦስተኛው በር ላይ፣ ወደ ውጭ ይሁን። በአሜሪካ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሥልጠና በመኪናው ዙሪያ ያለው 10 ጫማ፣ ማለትም ሦስት ሜትር ያህል፣ «የአደጋ ቀጠና» ይባላል። ወርዶ በመኪናው ፊት የሚያቋርጠውን ሕፃን ሾፌሩ ከመቀመጫው ላያየው ይችላል። አራተኛው መንገዱን ይይ፤ ግጭት ሲፈጠር ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። በሐሰት ለተከሰሰ ሾፌርም ጠበቃው ይሄው ነው።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ግን ካሜራ ምስክር ነው እንጂ ዘበኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 ኳታር ውስጥ አል ዋክራ ላይ አንዲት የአራት ዓመት ሕፃን በመዋለ ሕፃናቷ አውቶቡስ ውስጥ ተኝታ ተረሳች፤ በሙቀቱም ሕይወቷ አለፈ። እንዲህ ያለውን ሞት የሚከለክለው እስከ ኋላ ወንበር ሄዶ የሚያይ ሰው ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ የልዩ ፍላጎት ተማሪ አውቶቡስ ውስጥ ተረስቶ ከሞተ በኋላ፣ በ2016 የወጣ ሕግ አውቶቡሶች ኋላቸው ላይ ማንቂያ እንዲገጠምላቸው አስገደደ። ሾፌሩ ሞተር ሲያጠፋ ማንቂያው ይጮኻል፤ ዝም ለማሰኘት እስከ መጨረሻው ወንበር መሄድ ግድ ነው። ስንት የአዲስ አበባ ሰርቪስ ይህን ታጥቋል? ለካሜራ በጀት የተገኘበት ትምህርት ቤት ረዳቷን «ወጪ ለመቀነስ» ካሰናበተ፣ ልጆቹ ከበፊቱ የባሰ አደጋ ላይ ናቸው።

ሌላው ጉድ የሚስጥር ቁጥሩ ነው። መቅጃው ከፋብሪካ ይዞት በመጣው ቁጥር ከኢንተርኔት ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን የተቆጣጠረው በዚሁ ስንፍና ነበር። በ2021 ደግሞ ሰርጎ ገቦች ኢንተርኔት ላይ ተጋልጦ ባገኙት የአስተዳዳሪ መግቢያ ቨርካዳ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ወደ 150,000 የሚጠጉ ካሜራዎች ውስጥ ገቡ፤ የትምህርት ቤትና የሆስፒታል ካሜራዎች ከነዚያ መካከል ነበሩ።

«እያንዳንዱ ወላጅ በስልኩ ቀጥታ ያያል» የሚለው ማባበያም በዚህ ዓይን ይመዘን። አንድ ወላጅ የሚያየው የራሱን ልጅ ብቻ አይደለም፤ የሌላውንም ልጅ፣ ሰዓቱንና የሚወርድበትን ደጃፍ ጭምር ነው። አንድ ስክሪንሾት ቴሌግራም ላይ ከወጣ የሚመልሰው የለም። አገሪቱ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ምስሉን ማን እንደሚከፍት፣ ለምን ጉዳይ፣ መቼ እንደሚጠፋ በጽሑፍ ያላስቀመጠ ትምህርት ቤት ካሜራውን መግጠም አልነበረበትም። ለወላጅ የልጁ ሰርቪስ የት እንደደረሰ የሚያሳየው ጂፒኤስ ይበቃዋል። ምስል የሚከፈተው አቤቱታ ሲቀርብ፣ የወላጅ ኮሚቴ ተወካይ ባለበት፣ ተመዝግቦ ይሁን።

«ከምንም ይሻላል» የሚሉ አሉ። አይሻልም። ካሜራ የሌለው ወላጅ ልጁን ይጠይቃል፣ ረዳቷን ያውቃታል፣ ሾፌሩን ይከታተላል። የማይሠራ ካሜራ ያለው ግን ይተኛል። ምስሉ «ክላውድ ላይ አለ» ተብሎ ሲፈለግ የማይገኝ ከሆነ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው።

የወላጅ ኮሚቴዎች ለመስከረም ውል ከመፈረማቸው በፊት የሚያደርጉት ፈተና ቀላል ነው፤ ባለሙያም አይጠይቅም። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብተው «ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የነበረውን ማክሰኞ፣ የዚህን ሰርቪስ የከሰዓት ምስል፣ የኋላ ወንበሩን ያሳዩን» ይበሉ። ምስሉ ከተከፈተና የልጆቹ ፊት ከተለየ፣ ክፍያው ተገቢ ነው። ካልተከፈተ ግን ያቺ የማስታወቂያ መስመር ከወረቀቱ ላይ ትሰረዝ፤ የተሰበሰበው ገንዘብም ለረዳቷ ደመወዝ ይዋል።