ስለ ውል፥ ስለ ደንብና ስለ ፍርድ መጽናት

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ብለው መተረታቸው፥ ሰው የሚያዝነው ንብረቱን በማጣቱ ብቻ ሳይሆን ያጣበትን ምክንያት ባለማወቁ ጭምር መሆኑን ሲያስረዱ ነው። ስለዚህ ውል መቼ እንደሚጸናና መቼ እንደሚፈርስ፥ ደንብ እስከ መቼ እንደሚሠራ፥ የተሰጠ ፍርድም በምን ምክንያት እንደሚለወጥ ማወቅ የዳኛና የጠበቃ ሥራ ብቻ አይደለም። በመዝገብ ቤት የምንውል ሰዎች እንደምናየው፥ ወደ ችሎት የሚመጣው ክርክር አብዛኛው ከቤት የሚወጣ ነው፤ ባልና ሚስትን፥ ወንድምና እኅትን፥ ወራሽና ገዢን ያለያየ ነው። ስለዚህም ነገሩ በቤተሰብ ገጽ ላይ ቢጻፍ ቦታው ነው።

አስቀድሞ ከነቀምቴ ከተማ ታሪክ አንድ ምሳሌ እናንሣ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጐሙት ኦኔሲሞስ ነሲብ በደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) ዘመን ወደ ነቀምቴ መጥተው ሲያስተምሩ፥ ከአገሩ ካህናት ክስ ቀረበባቸውና በግንቦት ወር 1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቆሙ። አቡኑም ከአገር እንዲወጡ አዘዙ። ነገሩ ወደ ዐፄ ምኒልክ በደረሰ ጊዜ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ፍርዱን ለወጡት፤ ኦኔሲሞስ ወደ ነቀምቴ ተመልሰው ይኑሩ፥ ነገር ግን አይስበኩ አሉ።

በዚህ ፍርድ ውስጥ አስተዋይ ሰው ሁለት ነገር ያገኛል። አንደኛው፥ የበላይ ዳኛ የበታቹን ፍርድ ሲመለከት ያለው ምርጫ ሙሉ በሙሉ ማጽናት ወይም ሙሉ በሙሉ ማፍረስ ብቻ አለመሆኑ ነው። ዐፄ ምኒልክ ስደቱን አነሡ፥ የስብከቱን ክልከላ ግን አኖሩ። ሁለተኛውም ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ1908 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ለኦኔሲሞስ የመስበክ ፈቃድ ሰጡ፤ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። ሆኖም ፈቃዱን የሻረ ትእዛዝ ስላልወጣ፥ ኦኔሲሞስ በ1923 ዓ.ም. በነቀምቴ እስኪሞቱ ድረስ ሥራቸውን ቀጠሉ። ደንብ ደንብ ያወጣው ሰው ስለ ወረደ ብቻ አይወድቅም፤ ሥልጣን ያለው አካል እስኪሽረው ድረስ ይሠራል ማለት ነው።

ይህ ሐሳብ በኋላ በጽሑፍ ሕጋችን ገብቶ እናገኘዋለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ3347ኛው አንቀጽ፥ ሕጉ በሚመለከተው ጉዳይ ላይ ቀድሞ ይሠራበት የነበረውን የተጻፈና የልማድ ደንብ ሻረ፤ ወዲያው በ3348ኛው አንቀጽ ግን፥ ከሕጉ በፊት በሚገባ የተቋቋመ መብት ባለበት እንዲጸና ደነገገ። አዲስ ሕግ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይመለከትም፤ አለዚያ ማንም ሰው ትናንት በያዘው ነገር ላይ ዛሬ ተማምኖ ሊያድር አይችልም። ለደንብ ግን ከዚህ የሚበልጥ ወሰን አለው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ9ኛው አንቀጽ፥ ሕግም ሆነ ልማዳዊ አሠራር ወይም የባለሥልጣን ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ከሆነ ተፈጻሚነት የለውም ይላል። እንዲህ ያለው ክርክር በተነሣ ጊዜ የመጨረሻውን ትርጉም የሚሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው።

አሁን ወደ ውል እንምጣ። የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1731ኛው አንቀጽ፥ በሚገባ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ነው ይላል። «በሚገባ» የሚለው ቃል ግን ባዶ ቃል አይደለም። በ1678ኛው አንቀጽ እንደ ተጻፈው፥ ተዋዋዮቹ ለመዋዋል ችሎታ ያላቸው፥ ፈቃዳቸውም ጕድለት የሌለበት መሆን አለበት፤ የተዋዋሉበትም ነገር የታወቀ፥ የሚቻልና ሕጋዊ ይሁን፤ ሕግ የውሉን አጻጻፍ ሥርዓት ባዘዘበትም ቦታ ሥርዓቱ ይጠበቅ። በስሕተት፥ በተንኰል ወይም በማስፈራራት የተገኘ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ውል ፍረስልኝ ብሎ ሊጠይቅ የሚችለው ፈቃዱ የተጐዳበት ሰው ራሱ ነው፤ እርሱም ቢሆን ምክንያቱ ከቀረለት ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ መብቱን ያጣል። ጕድለቱ በውሉ አንድ ክፍል ብቻ እንደ ሆነም፥ በ1813ኛው አንቀጽ መሠረት ያ ክፍል ብቻ ሊፈርስ ይችላል፤ ይህም ዐፄ ምኒልክ ያደረጉትን መክፈል ያስታውሰናል።

ውል ከበደኝ ማለት ግን ውልን አያፈርስም። የጉቶ ጊዳ ገበሬ በቆሎውን በታወቀ ዋጋ ሊሸጥ ተዋውሎ ሳለ፥ በመከር ወራት ዋጋው ከፍ ቢል፥ «ከሰርሁ» ብሎ ከውሉ ሊወጣ አይችልም፤ በ1764ኛው አንቀጽ የተጻፈው ይህ ነው። ዋጋው ወርዶ ቢሆን ኖሮ ገዢው እንዲሁ ባለ ጊዜ ገበሬው ራሱ ይቃወም ነበርና፥ ሕጉ ለሁለቱም እኩል ነው።

በቤተሰብ ላይ ብዙ ጕዳት የሚመጣው በቤት ሽያጭ ነው። አንድ ባል የጋራ የሆነውን ቤት ሚስቱ ሳታውቅ ሸጠው እንበል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፥ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ ያልተስማማችውም ሚስት ሽያጩ እንዲፈርስ ልትጠይቅ ትችላለች። ነገር ግን ባወቀች በስድስት ወር ውስጥ፥ ምንም ቢሆን ደግሞ ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት ሳያልፍ ካልጠየቀች ውሉ ይጸናል። ስለ ዘመድ ይሉኝታ ብላ፥ ሽማግሌ ያስታርቀናል እያለች ዓመቱን የምታሳልፍ እመቤት ቤቷን በዝምታዋ ታጣለች። ኦሮሚያም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. ስላወጣ፥ በወለጋ ከተሞች የሚኖር ሰው የዚያን ሕግ ቀነ ገደብ ፈጥኖ ጠይቆ ይወቅ። እርቅ መልካም ነው፤ ሆኖም እርቅ የሕግን ቀን አያቆምም።

የአጻጻፍ ሥርዓትም እንዲሁ ነው። በ1723ኛው አንቀጽ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መደረግ አለበት። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቍጥር 21448፥ በዚህ ሥርዓት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል የሚጸና አይደለም ሲል ፈረደ። ከዚያ በኋላ ግን ይኸው ችሎት በሌላ ጉዳይ፥ ሻጩ ቤቱን መሸጡን ያልካደ እንደ ሆነ የምዝገባው መጕደል ብቻ ውሉን አያፈርስም ወደሚል ትርጉም አዘነበለ። ምክንያቱም ሥርዓቱ የቆመው ክህደትን ለመከላከል ነው፤ ሸጫለሁ ብሎ ያመነ ሰው ዋጋውን ተቀብሎ ሲያበቃ ቤቱንም መልሱልኝ ቢል፥ ሥርዓቱ የክህደት መሣሪያ ይሆንበታል።

«እንግዲያውስ የበላይ ፍርድ ቤት ቃሉን ይለውጣልን?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። አዎን፥ ይለውጣል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 454፥ ከአምስት ያላነሱ የሰበር ዳኞች የሰጡት የሕግ ትርጉም በፌዴራልም በክልልም ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ እንዲያስገድድ ደነገገ፤ ነገር ግን ሰበር ችሎቱ ራሱ በሌላ ጊዜ የተለየ ትርጉም ሊሰጥ እንደሚችል በዚያው ላይ ጨመረ። ይህ በምክንያት የተደረገ ነው። የነቀምቴ ዳኛና የጊምቢ ዳኛ በአንድ ሕግ ሁለት ዓይነት ቢፈርዱ፥ ሕግ እንደ ወንዙ ይለያያልና ባለጉዳይ የሚተማመንበት ያጣል። በሌላ በኩል፥ የበላዩ ችሎት ስሕተቱን ሊያርም የማይችል ቢሆን፥ አንድ ጊዜ የተሳተ ትርጉም ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

የትርጉም መለወጥ ግን ያለቀውን ክርክር እንደ ገና አይቀሰቅስም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በ5ኛው አንቀጽ፥ በመጨረሻ የተፈረደ ነገር በእነዚያው ሰዎች መካከል ዳግመኛ አይከሰስበትም ይላል። ከዚህ የሚወጣው መንገድ ጠባብ ነው። ፍርዱ በሐሰተኛ ሰነድ፥ በሐሰት ምስክርነት ወይም በጉቦ መሰጠቱ በኋላ ከታወቀ፥ ተጐጂው ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ይግባኝ ከማለቱ አስቀድሞ ለፈረደው ፍርድ ቤት ያመለክታል። ደግሞም በክርክሩ ያልተጠራ፥ ነገር ግን ፍርዱ መብቱን የነካበት ሰው፥ ፍርዱ ሳይፈጸም በ358ኛው አንቀጽ መሠረት መቃወም ይችላል። ወራሾች እርስ በርሳቸው ተካሰው የተካፈሉት ቤት ላይ ድርሻ ያላት መበለት በዚህ በር ትገባለች፤ በሩ ግን አፈጻጸሙ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ የተከፈተ ነው።

እንግዲህ፥ ክቡር አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ምክር አጭር ነው። ውል ሲያደርጉ በጽሑፍ፥ በሁለት ምስክርና ሥልጣን ባለው ሰው ፊት ያድርጉ፤ የትዳር ጓደኛዎንም አብረው ያስፈርሙ። ፍርድ ሲሰጥ ግልባጩን ወስደው ከሰነድዎ ጋር ያኑሩ፥ ቀኑንም ይቍጠሩ። ውልም ሆነ ፍርድ እንዲጸና የተደረገው ሰው በነገው ቀን እንዲተማመን ነው፤ እንዲፈርስ መንገድ የተተወለትም ማንም ሰው በሐሰት ላይ ተማምኖ እንዳይኖር ነው። ሁለቱንም የሚያውቅ አባወራና እመቤት ለልጆቻቸው ከቤቱ ጋር የቤቱንም ሰላም ያወርሳሉ።